አያቴ ሐሜት አትወድም ነበር

ባለፈው ቅዳሜ አሞራ ገደል ላይ የአሳ ሾርባ ምላሴን አቃጠለኝ። ከአዲስ አበባ የመጣች የመሥሪያ ቤታችን እንግዳ ነበረች፤ ሐዋሳ መጥቶ አሳ ሳይቀምስ የተመለሰ ሰው ስማችንን ያጠፋል ብለን ይዘናት ወረድን። ጀልባዎቹ ገብተው፣ ልጆቹ አሳውን በቢላ እየገፈፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው የሚጣልላቸውን አንጀት እንደ ጡረታ ተሰላፊ በትዕግሥት እየጠበቁ፣ የጥብሱ ሽታና የሐይቁ ጠረን ተደባልቆ አፍንጫችን ውስጥ ሲገባ፣ ሾርባው በብርጭቆ እየተነነ መጣ። ከመካከላችን አንዱ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ «ጌታ ሆይ፣ የቀረበውን ባርክልን፣ አሜን» አለና ብርጭቆውን አነሳ። እኔም አሜን ብዬ እንደ ልማዴ ጎንጨት አደረግሁለት፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እንግዳችን ደንግጣ ውሃ ስታቀብለኝ ቃሪያው ነው ብዬ ሸፈንኩት እንጂ ጥፋቱ የቃሪያው አልነበረም። እኔ ባደግሁበት ቤት ከአሜን በኋላ ትኩስ ነገር ስለማይገኝ፣ ይኸው ሽበት አውጥቼም ምላሴ ከጸሎት ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ቀዝቃዛ ይመስለዋል።

ያ ቤት የአያቴ ቤት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ታደለች ይላት ነበር፤ እኔም እማማ ነበር የምላት። የወላይታ ልጅ ናት፤ ተድራ ሐዋሳ ስትመጣ ከተማዋ ገና ከሐይቁ ዳር ብዙም አልራቀችም ነበር። እናትና አባቴ ይርጋለም አስተማሪዎች ስለነበሩ፣ ሐዋሳ የተሻለ ትምህርት ቤት አለ ብለው እኔን እሷ ጋ አስቀመጡኝ። ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ስለነበር በየማለዳው የሚቀሰቅሰን ዶሮ አይደለም፤ ባዶ አውቶቡስ ይዞ «ሻሸመኔ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው ብቻ» እያለ የሚዋሽ ረዳት ነው። ትልቁ ክፍል ውስጥ አያቴ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ደግሞ እኔና የእናቴ ታናሽ እህት ማርታ እንተኛለን። ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ አያቴ ለተማሪ ታከራይ ነበር።

አያቴ ምግብ ፊት ዓይኗን ከጨፈነች በቃ፣ ሰዓቱ የእሷ ነው። ከአገር ሰላም ትጀምራለች፤ ዝናቡን ታሳስባለች፤ ወላይታ ያሉ ዘመዶችን በየስማቸው፣ ቀጥላ የታመሙትን በየሕመማቸው ትጠራለች፤ መናኸሪያው ውስጥ ያሉትን ሾፌሮች በሙሉ በአንድነት ታስባርክና ያንን የሚዋሸውን ረዳት ለብቻው ነጥላ «ምላሱን አቅናለት» ትላለች፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ቆጮው ይደርቃል፣ ጎመኑ ላይ ቅቤው ነጭ ሆኖ ይረጋል፣ እኔ በአንድ ዓይኔ የተቀቀለውን ቦዬ እያየሁ ምራቄን እውጣለሁ። ማርታ አንድ ጊዜ ዘዴ ያገኘች መስሏት ድስቱን ከምድጃው ሳታወርድ አስጸለየቻት። አያቴ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ድምፅዋን እንኳን ሳትቀይር፣ «ጌታ ሆይ፣ ማርታ ወጡን ለምን ከእሳት እንዳላወረደችው አንተ ታውቃለህ፤ ትዕግሥት ስጣት፤ ደግሞ እያረረ ነው» አለች። እውነትም አሯል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አያቴ ሐሜት አትወድም ነበር። እየቀለድኩ አይደለም፤ የምር አትወድም። ጎረቤት መጥታ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣ «ሰማሽልኝ ወይ፣ ያቺ የወርቅነሽ ባል...» ብላ ስትጀምር አያቴ እጇን ታነሳለች። «ሰው አንማ። ሐሜት ኃጢአት ነው። እንጸልይላት» ትላለች። ከዚያ ራሷን በነጠላዋ ትሸፍንና ትጀምራለች፦ «ጌታ ሆይ፣ የእህታችን የወርቅነሽ ባል ሰኞ ቤቱ እንዳልገባ አንተ አይተሃል። የት እንደነበረ አንተ ታውቃለህ፤ እኛ የምናውቀው ሻሸመኔ መታየቱን ብቻ ነው። ከማን ጋር እንደታየ መናገር ለእኛ አይገባንም። ቀይ ሹራብ ለብሳለች። አንተ በሰላም ወደ ቤቱ መልሰው።»

ተንኮል አልነበረባትም፤ ይህን የምለው አያቴ ስለሆነች አይደለም። በእሷ ቤት ለሰው የተነገረ ነገር ሐሜት ነው፣ ለእግዚአብሔር የተነገረ ጸሎት ነው፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ካለው ደግሞ ጆሮውን የሰጠው ፈጣሪ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።

ዋናው ጸሎት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የሰፈሩን እናቶች ጸሎት እንድትመራ መድባት ነበር፤ ሌላ ሰፈር ያሉት የጸሎት መሪዎች ሰው አልመጣልን አለ እያሉ ሲያማርሩ እኛ ቤት መቀመጫ ይጠፋል። አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት እንዋሳለን፤ የዘገየች በርጩማ ላይ፣ የባሰባት ጄሪካን ላይ ትቀመጣለች። ሰባራ እግሯን እየጎተተች የምትመጣም ነበረች። እኔ ጥግ ይዤ እነማን ዓይናቸውን እንደሚገልጡ እጠብቃለሁ፤ አንዲት ሴት የባሏ ስም ሲጠራ አንድ ዓይኗን ብቻ ገልጣ የሳቀውን ሰው ስትፈልግ ማየትን የመሰለ መዝናኛ እስካሁን አላገኘሁም። ነገሩ በጣም ምስጢር ሲሆን አያቴ በጥንቃቄ ከአማርኛ ወደ ወላይትኛ ትዞራለች። ችግሩ ከሴቶቹ ግማሹ ወላይትኛ ይችላል፤ የቀሩት ደግሞ የጎረቤታቸውን ጎን በክርናቸው ጎሸም አድርገው ያስተረጉማሉ።

ከጎረቤት ሁሉ ሐሙስን የማያስታጉሉት እትዬ አስናቀች ነበሩ። እኛ ጴንጤ ነን፤ እትዬ አስናቀች ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ጾም የማይሽሩ፣ የዓመት በዓሉን ሁሉ ስም የሚያውቁ። ነፍስ አባታቸው ቢሰሙ ምን ይሉኛል ብለው ከበሩ ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ጨው ልዋስ ብለው ባዶ ሳህን ይዘው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ይቆማሉ፤ ሲያልቅ ጨዋቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ሐሙስ የወሰዱት ጨው ቢጠራቀም ለአሞሌ ነጋዴ ይበቃ ነበር። አያቴ ግን ቀድማ ትንሽ ጨው በወረቀት ጠቅልላ ታስቀምጥላቸውና፣ ጸሎት ላይ የእሳቸውን ሪህ ሳትጠራ አታልፍም ነበር።

የአያቴን ጸሎት ግን ለሳቅ ብቻ ካነሳሁት አጠፋሁ። እዚያ ቤት ከተጸለየ በኋላ «አልሰማሁም» ማለት አይቻልም፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ጣሪያዋ የሚያፈስባት አንዲት መበለት ስሟ ሐሙስ ተጠርቶ፣ እሁድ የአንዷ ባል ቆርቆሮና ሚስማር ይዞ ጣሪያዋ ላይ ተገኝቷል። ትምህርት ያቋረጠች ልጅ እንደገና ደብተር ይዛ አይቻለሁ። አያቴ ራሷ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ሆስፒታል ትሄድና ከገጠር የመጣ፣ ጠያቂ የሌለው በሽተኛ ስትፈልግ ትውላለች፤ ተመልሳም ስሙንና የመጣበትን ቀበሌ እየጠራች ታጸልየናለች። የወርቅነሽ ባል እንኳን ተመለሰ። እግዚአብሔርን ፈርቶ ይሁን የሰፈሩን ሴቶች ዓይን፣ እሱን አላውቅም።

ሰለሞን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰርቪሱን የተከራየው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። የጎጃም ልጅ ነው፤ አባቱ መሪጌታ ናቸው። ዶርም ውስጥ ጫጫታው አላስጠናኝ አለ ብሎ ጸጥታ ፍለጋ እኛ ግቢ መምጣቱ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። የሰርቪሱ ግድግዳ ጭቃ ስለሆነ የአያቴ ጸሎት ቃል በቃል ይሰማዋል፤ እሷም መስማቱን ታውቃለች። «ጌታ ሆይ፣ ይህ የሰው ልጅ እናቱ ሩቅ ናት። ካልሲውን እንዲያጥብ አንተ በልቡ ተናገረው» ባለች ማግስት ካልሲዎቹ ገመድ ላይ ተሰጥተው አገኘናቸው። ፈተና ሲደርስ ደግሞ «መብራት አጥፍቶ እንዲተኛ» ጸለየችለት፤ መብራቱ ድርግም አለ። ፊት ለፊት ግን አንድ ቀን ምን ሆንክ ብላው አታውቅም፤ «እንዴት አደሩ እማማ» ሲላት «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» ብላ ታልፋለች።

ማርታ ያኔ መሃል ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራ ነበር። ሰለሞን የመመረቂያ ጽሑፉን እዚያ ኮፒ ያስነሳ ጀመር፤ የሚያስነሳው ግን በአንድ ጉዞ አንድ ገጽ ነው። እንዲህ ያለ ትጉ ተማሪ አይታችሁ አታውቁም። ጽሑፉ አልቆ ገጽ ሲያጣ የመታወቂያውን ፊት ለብቻ፣ ጀርባውን ለብቻ ያስነሳ ነበር አለችኝ ማርታ፣ ትራሷን አቅፋ ከመሳቋ የተነሳ ትን እያላት። ከዚያ ሳቋን አቁማ ማንም እንዳይሰማ አስማለችኝ።

የምትፈራውም ነገር እውነት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከእምነት ውጭ ጋብቻ አትባርክም፤ የመሪጌታው ቤትም የጴንጤ ምራት አይቀበልም። አያቴ ሐሙስ ይህን ነገር አፏ ውስጥ ካስገባችው ዓርብ ሐዋሳ ሙሉ ይሰማል፣ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ማርታን ይጠሯታል፣ ከዚያ ከእናቷና ከሰለሞን አንዱን ምረጪ ትባላለች። ሁለቱንም ማጣት ስላልፈለገች ዝም አለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሙስ ባይመጣ ብዬ እመኝ ጀመር።

ግን ሐሙስ መጣ፣ አያቴም ስለ ዝናብ ጸለየች። በቀጣዩም ስለ ዝናብ። ከዚያ ስለ አገር መሪዎች ጥበብ፣ ስለ ዓለም ሰላም፣ ስለ መንገድ አደጋ። ስም የለም። ወላይትኛ የለም። ጸሎቷ አጠረ፤ እኛም ትኩስ ምግብ መብላት ጀመርን፤ እኔ ልሙት፣ ትኩስ ጎመን እንደዚያ ሰሞን አስጠልቶኝ አያውቅም። ታውቅ ነበር ማለት ነው። ሰፈሩም ያውቅ ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ሰለሞንን ያላየው ሰው የለም። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይቀመጣሉ፤ ጄሪካን ላይ የምትቀመጥ ጠፋች፤ ቀስ እያለ አግዳሚ ወንበሩም ተረፈ። እትዬ አስናቀች አንድ ቀን ጨዋቸውን ተቀብለው ሲወጡ፣ ለማንም ያልተናገሩ መስለው ጮክ ብለው፣ «የእኛን ጓዳ ለፈጣሪ እየገለጡ የራስን በር መቀርቀር ምን ይሉታል» አሉ። አያቴ ሰማች። ፊቷ ቅጭም አለ።

ሰለሞን ተመረቀ፤ ሥራም ወደ አገሩ በኩል አገኘ። አንድ ማክሰኞ ማርታ ሻንጣዋን አልጋ ሥር ስታስገባ ከእንቅልፌ ነቃሁ። ዓርብ ማለዳ በአዲስ አበባው አውቶቡስ አብራው ልትሄድ ነው፤ እዚያ ደርሳ ለእናቷ ደብዳቤ ትጽፋለች። «ፊቷን አይቼ መሄድ አልችልም፤ አንቺ አስተዛዝኚልኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ እናትን እንዴት እንደሚያስተዛዝኑ ማን አስተምሮኝ። አያቴ የወለደቻቸው ሁሉ አግብተው ሄደው የቀረቻት ማርታ ብቻ እንደሆነች፣ ጠዋት ጠዋት የእናቷን ጸጉር የምትሠራው እሷ እንደሆነች ግን አውቃለሁ። አያቴ ያለ ማርታ ምን እንደምትመስል ላስብ ሞክሬ አቃተኝ።

ሐሙስ ከሰዓት የመጡት ሴቶች ጥቂት ነበሩ። እትዬ አስናቀች ደጃፉ ላይ ናቸው፤ ተቀይመውም ከሐሙስ አይቀሩም። ማርታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ቀሚስ ታጥፋለች፤ እኔ አልጋው ላይ ነኝ። አያቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በወላይትኛ ጀመረች፤ ጥቂት ሄደችና ድንገት ቆመች። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት፤ ዓይኗን ገልጣ ወደ በሩ፣ ወደ እትዬ አስናቀች ተመለከተች። ከዚያ መልሳ ጨፈነችና ያለችውን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው በአማርኛ አለችው።

«ጌታ ሆይ፣ ማርታ አልጋዋ ሥር ሻንጣ አላት። ስጠርግ አየሁት። ቀሚስና ፎጣ፣ መጽሐፍ ቅዱሷንም ይዛለች። ሹራብ አልያዘችም፤ ያ አገር ብርድ መሆኑን አታውቅም። የምትሄደው ከሰለሞን ጋር ነው። እሱን አንተ ታውቀዋለህ፤ ጾም ያበዛል እንጂ ጥሩ ልጅ ነው፤ ካልሲውንም አሁን ያጥባል። የእነዚህን ሴቶች ልጆች በየስማቸው ነግሬሃለሁ፤ ባሎቻቸውንም ነግሬሃለሁ። የራሴ ልጅ ላይ ስደርስ አፈርኩ። ሰው ምን ይለኛል አልኩና አፌን ያዝኩ። ይኸው እሷም ከእኔ ተምራ እንደ ሌባ በጨለማ ልትወጣብኝ ነው። ልዳራት አልልህም፣ ልከልክላትም አልልህም፤ አላውቅም። ብቻ እንዲህ አትሂድብኝ። መሄድ ካለባት በሩ ተከፍቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሻንጣዋን እኔ ተሸክሜላት ትሂድ። ሹራብም ትያዝ።»

አሜን የሚል ጠፋ። ሴቶቹ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዷም አልገለጠችም። ማርታ ያጠፈችውን ቀሚስ ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ደጃፉ በኩል «አሜን» የሚል ድምፅ ሰማን። እትዬ አስናቀች ሳህናቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ደፉን ተሻግረው ገብተው፣ አያቴ ጎን ጄሪካኑ ላይ ዘፍ አሉ። ማርታ መጋረጃውን ገፍታ ወጣችና እናቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ዞር ስል ሰለሞን በር ላይ ቆሟል፤ በግድግዳው ሁሉንም ሰምቶ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት አንድ ጫማውን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል።

«ና ግባ እንግዲህ፤ ካልሲህ ንጹሕ ነው» አለችው አያቴ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እትዬ አስናቀች ተረከቡት። የልጁ ወላጆች ሩቅ ናቸውና የወንዱ ወገን እኔ ነኝ አሉ። በሚቀጥለው እሁድ ካባ ለብሰው፣ ሁለት አዛውንት አስከትለው፣ በየቀኑ ሳያንኳኩ የሚመጡበትን በር አንኳኩ። አያቴም አይታቸው እንደማታውቅ ሆና «ከየት መጣችሁ» አለች።

«ከአጥር ማዶ» አሉ እትዬ አስናቀች፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። ጉዳያችንን ሳትሰሙ አንቀመጥም ብለው ቆመው ለልጃቸው ልጃችንን ጠየቁ። አያቴ ዘመድ ሳታማክር መልስ መስጠት ወግ አይደለምና ለሳምንት ተመለሱ ብላ ሸኘቻቸው፤ ሲመሽ እትዬ አስናቀች ያንኑ ካባ እንደለበሱ በጓሮ በር መጥተው ሽንኩርት ተበድረው ሄዱ። በሳምንቱ እንደ አዲስ ተንኳኳ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም መጡ፤ ያውም ያለ ካባ። ልጅሽን ካልመለስሽ ጸሎት መምራቱን ለሌላ አስረክቢ አሏት። አያቴ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሐሙስን የኖረች ሴት ናት፤ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም፤ ተደብቃ ስታለቅስ አየኋት። ማታውን ግን ማርታን ጠርታ ጸጉሯን ሠራችላትና «ሐሙስ ሌላ ሰው ያገኛል፤ አንቺ ሌላ እናት አታገኚም» አለቻት። ጸሎቱ ወደ አንዲት ሥርዓት አዋቂ እህት ቤት ተዛወረ። ሥርዓት አዋቂዋ ስም ሳትጠራ፣ ሰዓት ሳታሳልፍ ትጸልያለች፤ ሴቶቹ አንድ ሐሙስ ሄደው ዓይናቸውን ገልጠው ዋሉ። በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ በአንድ እኛ ቤት ገቡ፤ ለጸሎት አይደለም፣ እማማ ታደለችን ልንጠይቅ ነው እያሉ። ጠያቂ መጥቶ ሳይጸለይለት አይወጣምና አያቴ ጸለየች፤ ሽማግሌዎቹም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ጋብቻው በማዘጋጃ ቤት ተፈረመ፤ ድግሱ በእኛ ግቢ ሆነ። መሪጌታው መጡ። ሰለሞን አባቱን ፈርቶ ሌሊቱን ካልሲውን ሲያጥብ አድሯል። ረጅም፣ ጭራ የያዙ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ እትዬ አስናቀች ቀድመው ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምግብ ቀርቦ አያቴ ጸልዪ ተባለች። እሷ ዓይኗን ስትጨፍን እኔና ማርታ ተያየን። አገሩን፣ ዝናቡን፣ የጎጃምን መንገድ፣ የመሪጌታውን ጉልበት፣ የባለቤታቸውን ደም ግፊት፤ ያን ሁሉ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ አንድ በአንድ አስታወሰች። መሪጌታው በተመስጦ አዳመጡና ጭራቸውን አስቀምጠው እኔም ልመርቅ ብለው ተነሱ። እሳቸው ደግሞ ከአዳም ጀመሩ። ወጡ ረጋ፣ ጥብሱ ላይ ጮማው ነጭ ሻማ ሆነ፣ የተራቡት ልጆች አንድ በአንድ አለቀሱ፤ ሁለቱ አዛውንቶች ግን ሲጨርሱ እንደ ጥንት ጓደኛ ተሳሳሙ። መሪጌታው ሲሰናበቱ «እኚህ ሴት ጸሎት ያውቃሉ» አሉ። ማርታም በጠራራ ፀሐይ ሄደች፤ ሻንጣዋን አያቴ እስከ መናኸሪያው ተሸከመችላት፤ ማንንም አላስነካችም።

ማርታና ሰለሞን ይኸው ልጆች አድርሰው ባሕር ዳር ይኖራሉ፤ እሁድ ጠዋት እሱ ወደ ቅዳሴ እሷ ወደ ጉባኤዋ ይወጣሉ፤ ምሳ ላይ ይገናኛሉ። አያቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። እትዬ አስናቀችም ተከተሏት። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ግቢ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ እኔም ባለ ግንብ አጥር ቤት ሠርቼ አዲሱ ሰፈር ገብቻለሁ። ሰፈራችን ጨዋ ነው፤ ማንም የማንንም ጓዳ አያነሳም፣ ጨው የሚዋስ የለም፣ ምስጢር በየግንቡ ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል። ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሰፈር ነበር የምመኘው።

ባለፈው ክረምት ከሥራ ስመለስ ፊት ለፊታችን ካለው በር ላይ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። አባወራው ሞተዋል። ለወራት ታመው ነበር አሉ፤ ሚስትየዋ መንዳት ስለማትችል በባጃጅ ሆስፒታል ስታመላልሳቸው ከርማለች። እኔ ደግሞ መኪናው አቧራ ለብሶ ቆሞ ሳይ ውጭ አገር ሄደዋል ብዬ ነበር። ነጠላዬን ለብሼ ገባሁና ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት አተኩረው አዩኝ፤ የእማማ ታደለች የልጅ ልጅ አይደለሽም ወይ አሉኝ። ነኝ አልኩ። ደስ አላቸው፤ ወደ ሐዘንተኛዋ ዞረው «እሷ ትጸልይልሽ» አሉ።

ራሴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ሚስትየዋ እጄን ያዘችኝ፤ ይሞቃል እጇ። «ጌታ ሆይ» አልኩና የሟቹን ስም ፈለግሁ። የሚስታቸውን ስም ፈለግሁ። ልጆች ይኑሯቸው አይኑሯቸው፣ ምን እንዳመማቸው፣ ማን አጥሚት እንዳመጣላቸው ፈለግሁ። ሴቶቹ ጠበቁኝ። ስለዚያ ቤት የማውቀው የመኪናውን ቀለም ብቻ ነበር።